ያረፈበት ሁሉ ቤቱ ነው?

ጥያቄ፦ የእንጆሪ ፍሬዎቼ ጫፋቸው እየተኮማተረ ቅርጻቸው ይበላሻል። አበቦቹ ላይ ቡናማ ትናንሽ ትኋኖች አየሁ። «ላይገስ ነው» አሉኝ። ሳነብ ግን አንዱ የአልፋልፋ፣ ሌላው የጥጥ ተባይ ይለዋል። ከ300 በላይ ተክሎች ላይ ይገኛል የሚልም አለ። እውነት አንድ ትኋን ይህን ሁሉ ይበላል? ወይስ በአንድ ስም የሚጠሩት ብዙ ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱም እውነትነት አላቸው።

ላይገስ የወገን ስም ነው፤ ወገን (ጂነስ) ማለት የሚቀራረቡ ብዙ ዝርያዎች ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ካርል ቪልሄልም ሃን ነው። የሚመደበው ሚሪዴ በሚባለው አስተኔ (ብዙ ወገኖችን በሚያቅፈው ቤተሰብ) ሲሆን፣ ይህ አስተኔ ከ11,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከሃን በኋላ ለረጅም ጊዜ ይህን የሚመስል ትንሽ ትኋን ሁሉ «ላይገስ» እየተባለ ተመዘገበ። ብዙዎቹ ኋላ ወደየራሳቸው ወገን ወጡ። በአፍሪካ የጥጥ እንቡጥ የሚመጥጠው ላይገስ ቮሴለሪ ዛሬ ታይሎሪላይገስ ቮሴለሪ ይባላል። ስለዚህ የድሮ የተክል ዝርዝር ሲያነቡ፣ ስለየትኛው ትኋን እንደተጻፈ መጀመሪያ ያጣሩ።

300 የሚለው ቁጥር የሰሜን አሜሪካውን ላይገስ ሊኒዮላሪስን ይመለከታል። ዝርያው በእርግጥም ብዙ ተክል ይበላል። ግን «ተገኘ» እና «ተራባ» ለየቅል ናቸው፤ እኔን ሁሌም የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ያደገው ትኋን ክንፍ አለው። አበባ ላይ ያርፋል፣ ትንሽ ጭማቂ ይመጥጣል፣ ይሄዳል። ጀማሪ ሳለሁ ሳማ ላይ የያዝኩትን አንድ ላይገስ «አስጠጊ ተክሉ (የሚራባበት)፦ ሳማ» ብዬ መዘገብኩት። ያየሁት ግን አንድ ክንፋም ብቻ ነበር። ዛሬ ቢሆን «ሳማ ላይ ተያዘ» ብዬ አቆም ነበር። እንዲህ ያለ መዝገብ ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ዝርዝሩ ያብጣል።

እኔ የማምነው ክንፍ ያላወጡ ልጆቹን ሳይ ነው። እነሱ መብረር አይችሉምና ብዙውን ጊዜ እዚያው የተፈለፈሉ ናቸው። እንቁላሉን አይፈልጉ፤ እናትየው ተክሉ ውስጥ ስለምትሰካው በዓይን አይገኝም። ነጭ ወረቀት ከአበባው ሥር ይያዙና ተክሉን መታ መታ ያድርጉት። አረንጓዴ፣ ፈጣን፣ ክንፍ አልባ ነገር ይወድቃል። በአጉሊ መነጽር ይዩት። ጠና ያለው የላይገስ ልጅ ጀርባው ላይ አምስት ጥቁር ነጥቦች አሉት፤ አራቱ ደረቱ ላይ፣ አንዱ ሆዱ ላይ። ይህን ካዩ እንጆሪዎ ማረፊያው ብቻ ሳይሆን መራቢያውም ሆኗል ማለት ነው።

ክንፋሞች ብቻ ከወደቁ ግን ዙሪያውን ያሉትን አረሞች በዚያው ወረቀት ይፈትሹ። ልጆቹን እዚያ ካገኙ፣ እባክዎ እንጆሪው አብቦ ሳለ አረሙን አይጨዱ። አልፋልፋ ሲታጨድ ላይገስ ወደ ጎረቤት ጥጥ እንደሚጎርፍ ሁሉ፣ የእርስዎም ወደ እንጆሪው ይገባል። አረሙ የሚነሳው ገና ሳያብብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ንቦች የአበባውን ብናኝ በደንብ ካላዳረሱለትም የእንጆሪ ቅርጹ ይበላሻል። የተኮማተረው ቦታ ላይ ያሉትን ዘሮች ይዩ። መጠናቸው ከጤናማው ክፍል ዘሮች ጋር እኩል ከሆነ ላይገስን ይጠርጥሩ። አንዱ ትልቅ አንዱ ደቃቃ ከሆነ ግን ጉድለቱ የንብ ነው።