ለወጣት ቀያሾች፦ ስለ ጆን ፎረስትና ስለ መንገድ መሪው

«ጋሼ፣ ቀያሽ ፓርላማ ቢገባ ይሳካለታል?» ብላ አንዲት ወጣት ባለሙያ ጠየቀችኝ። ይሳካለታል። ጆን ፎረስት በ1865 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በምዕራብ አውስትራሊያ ቅኝ ግዛት በቅየሳ ሥራ ተቀጠረ። በ1890 የግዛቲቱ የመጀመሪያ የመንግሥት መሪ ሆነ። ከ1901 እስከ ሞተበት እስከ 1918 ደግሞ በመላው አውስትራሊያ የፌዴራል ፓርላማ ተቀመጠ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወርቅ ማውጫዎቹ ድረስ የሚዘልቀው የውሃ ቧንቧ በእሱ መንግሥት ተጀመረ። በረሃን በእግሩ የለካ ሰው ነው እንዲህ ያለውን የሚደፍር።

ጥያቄዋ ግን ሌላ ነገር ቀሰቀሰብኝ። ወጣት ሳለሁ ቦረና ውስጥ መንገድ እንቀይስ ነበር። ችካል ተክለን ልንጨርስ ስንል አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ችካሉን በበትራቸው ነካ አድርገው፣ «ይሄን አንሱት፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በዚህ ነው የሚወርደው» አሉን በአስተርጓሚ። ለእኛ ደረቅ ሜዳ ነበር። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቁጥቋጦ ሥር የተጠላለፈውን ጭራሮ አሳዩን። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። መስመሩን አዛወርነው። ዝናቡ ሲመጣ ጎርፉ እሳቸው ባሉት ቦታ ወረደ። ስማቸውን በመስክ ደብተሬ ጽፌ አስረከብኩ። የታተመው ሪፖርት ግን «በባለሙያዎች ጥናት» ብሎ አለፋቸው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፎረስትም መንገድ መሪ ነበረው፤ ቶሚ ዊንዲች የሚባል የአገሬው ተወላጅ። ፎረስት በ1869፣ በ1870 እና በ1874 በመራቸው የአሰሳ ጉዞዎች ሁሉ አብሮት ነበር፤ በበረሃው ውሃ ይፈልግለት ነበር። በ1876 ሲሞት የፎረስት ወንድማማቾች ኤስፐራንስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ቦታ የመቃብር ድንጋይ አቆሙለት። ይህን አከብርለታለሁ። ነገር ግን የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70፣ ዓመታዊ ገቢዋ 500 ሺህ ፓውንድ ሲያልፍ 1 በመቶው ለአገሬው ተወላጆች እንዲውል ያዝዝ ነበር። በ1897 የፎረስት መንግሥት አሻረው። ለሟቹ ድንጋይ ያቆመ ሰው የወገኖቹን ድርሻ እንዴት ይነሳል? ስንት ጊዜ ባስበውም አልዋጥልህ ይለኛል።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ትፈጥናላችሁ። ድሮናችሁ እኛ ሳምንት የምንደክምበትን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ግን ከመኪና መውረድ አትወዱም፤ ከብት የሚጠብቅ ሰው ማናገርማ ጭራሽ። አንዳንዴ ፖለቲካው ይቅርባችሁ እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ መሬት የሚያውቅ ሰው ካልገባ ማን ይግባ? ግቡ። እስከዚያው የመራችሁን ሰው ስም ሪፖርታችሁ ላይ ጻፉ። አለቃ ከሰረዘው፣ መልሳችሁ አስገቡት።