ብጉንጅ በስንት ቀን ይድናል? ጥያቄና መልስ

በጤና ጣቢያ ቁስል ማጠቢያ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ብጉንጅ ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል ብዙ ሰው የሚቸገርባቸውን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጭኔ ላይ ብጉንጅ ከወጣብኝ አምስተኛ ቀኔ ነው። ቀልቶ ጠጥሯል፤ አፍ ግን አላወጣም። እስከ መቼ ልታገሥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አምስት ቀን ገና ነው። ብጉንጅ የጸጉር ሥር በባክቴሪያ ሲመረዝ የሚመጣ ሕመም ነው። መጀመሪያ ይጠጥራል፤ ከዚያ መግል እየቋጠረ መሃሉ ይለሰልሳል፤ ብዙውን ጊዜ ሳምንት ገደማ ሲሞላው ይፈርጣል። ቁስሉ እስኪጠግ ያለው ሲጨመር በጠቅላላው ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል። ቶሎ እንዲበስል ንጹሕ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከርክ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያዝበት። ቆዳህን እንዳያቃጥልህ ጨርቁን አስቀድመህ በክንድህ ውስጠኛ ጎን ሞክረው። ትኩሳት ከያዘህ፣ ቅላቱ ዙሪያውን እየሰፋ ከሄደ ወይም ሁለት ሳምንት ሞልቶት ካልፈረጠ ወደ ጤና ተቋም ሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ሥሩ ካልወጣ አይድንም» እያለ በመርፌ ሊያፈርጠው ይፈልጋል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ አትፍቀጂለት፣ እህቴ። ሥር የሚባለው የሞተ ሥጋና የመግል ጥርቅም ነው፤ ብጉንጁ በራሱ ጊዜ ሲፈርጥ አብሮ ይወጣል። ያልበሰለውን ስትጨምቁት ግን መግሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ትንሽ የነበረው ይሰፋል።

ትልቅ ከሆነና መግል ከቋጠረ በጤና ባለሙያ ይከፈት። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፣ በስለት ይከፈታል፣ መግሉ ይወጣል፣ ውስጡ ይታጠባል። ጥልቅ ከሆነ አፉ ቀድሞ ተዘግቶ መግል እንዳይቋጥር ጎዝ (ስስ የቁስል ጨርቅ) ይገባበታል፤ በተነገራችሁ ቀን ተመልሳችሁ አስቀይሩት። ያስጨነቀው ሕመም መግሉ እንደወጣ በአብዛኛው ይቀላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያደረ ሰው ከአልጋው ወርዶ ጫማውን ራሱ አጥልቆ ሲሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቁስሉ ከዚያ በኋላ እንደ ጥልቀቱ አንድ ሁለት ሳምንት፣ ሰፊ ከሆነም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሦስት ቀን ዋጥኩ፤ ለውጥ የለም። መጠኑን ልጨምር?

መልስ፦ በፍጹም አትጨምር። የብጉንጅ ዋነኛ መነሻ የሆነው ስታፊሎኮከስ አውሬስ የተባለው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሲሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመነጫል። ደግሞም መግል ወደ ቋጠረ ቦታ መድኃኒት እንደልቡ አይገባም። ትንሽ ብጉንጅ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል፤ ትልቁን የሚያድነው መከፈቱ ነው። ትኩሳት ሲኖር፣ ቅላቱ ሲሰፋ ወይም የበሽተኛው አቅም ደካማ ሲሆን ሐኪሙ እንደ ክሎክሳሲሊን ያለ ተስማሚ መድኃኒት ያዛል። ያለ ትእዛዝ ኪኒን መግዛት በጣም ያሳዝነኛል፤ ባክቴሪያው መድኃኒት መላመድ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ጥያቄ፦ ከላይኛው ከንፈሬ በላይ፣ አፍንጫዬ ሥር ወጥቶብኛል።

መልስ፦ በእጅህ አትንካው። ከዚያ አካባቢ የሚነሡ የደም ሥሮች ወደ አንጎል ከሚያደርሱት ጋር ይገናኛሉ። ለሐኪም አሳየው። ዓይንህ ካበጠ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂድ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስልሳ አልፏል። አንዱ ሲድን ሌላው ይተካል፤ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

መልስ፦ እማማ፣ አስቀድመው ደምዎን ለስኳር ያስመርምሩ። ብጉንጅ ሲደጋገም የስኳር በሽታ የተገኘባቸው ሰዎች አሉ፤ የኤችአይቪ ምርመራም ማድረጉ መልካም ነው። ባክቴሪያው አፍንጫ ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይና በፎጣ፣ በምላጭ፣ በአንሶላ ስለሚተላለፍ የእርስዎን ለብቻ ያድርጉ፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ያሳጥቡ። የሚመላለሰው ብብትዎና ብሽሽትዎ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ሊሆን ስለሚችል የቆዳ ሐኪም ይይልዎት።

ጥያቄ፦ ለሦስት ወር ጉንጬ ላይ የቆየ፣ ብዙም የማያም እባጭ አለብኝ።

መልስ፦ ብጉንጅ ይህን ያህል አይቆይም። ደጋ የምትኖሪ ከሆነ ቁንጭር (የአሸዋ ዝንብ የሚያስተላልፈው የቆዳ ሕመም) ሊሆን ይችላል፤ ናሙና ተወስዶ ይመርመር።

ጥያቄ፦ በድንገት የሞተ በሬ ቆዳ ገፍፌ ነበር። ከቀናት በኋላ ክንዴ ላይ የወጣው እባጭ መሃሉ ጠቁሯል፤ ዙሪያው አብጧል፤ አያመኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ዛሬውኑ አሳይ። ብጉንጅ ያማል፤ የማያመውና መሃሉ የሚጠቁረው ቁስል አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ቶሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ከቆየ ግን ይገድላል። አትቁረጠው፣ አታፍርጠው። በሬው እንዴት እንደሞተ ለሐኪሙ ንገረው። ከሥጋው የበላ ወይም ቆዳውን የነካ ሰው ካለም አብሮህ ይምጣ፤ የተረፈውን ማንም እንዳይነካው ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።