«ጨጓራዬ ነው» ያሉት እናት፣ የክብሪቱ ጭስና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ደብዳቤዎቻችሁ ተጠራቅመው ነበር። ዛሬ ከሌሊት ተረኝነት ስወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ካለችው ቡና ጠጪ ቤት ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው። ለአዲስ አንባቢዎች፦ መሀል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ይህን በየጊዜው የምደግመው ትሕትና ይዞኝ ሳይሆን መድኃኒት እዘዝልን የምትሉኝ ስለበዛችሁ ነው።

የልደታው ወጣት 12ኛ ክፍል ጨርሷል። የእኔን ሥራ መማር ይፈልጋል፤ ደም ሲያይ ግን ራሱን ያዞረዋል። «ይሆንልኛል ወይ?» ይላል።

ደሙን ትለምደዋለህ። ወገብህ ግን የኦክስጅን ሲሊንደሩን መቼም አይለምደውም። ሥራው ሩጫ ብቻ እንዳይመስልህ። ስኳር ትለካለህ፣ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ታነሳለህ፣ የተሰበረ እግር ትደግፋለህ፣ ስትሬቸር ትገፋለህ። የእኛ ስትሬቸር ከአራት ጎማው አንዱ ሁሌ ወደ ግድግዳ ይጎትታል፤ እሱንም ትማረዋለህ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሬሳ የምትሸፍንበት ቀንም አለ። ሥልጠናው በጤና ሳይንስ ኮሌጆች በደረጃ ይሰጣል። ስለ መግቢያ መስፈርቱ ኮሌጁ ድረስ ሄደህ ጠይቅ።

ከካዛንቺስ፦ ኢሲጂ ስንነሳ ኤሌክትሪክ ሰውነታችን ውስጥ ይገባል ወይ?

አይገባም። ማሽኑ ልብ ራሷ የምታወጣውን የኤሌክትሪክ ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም።

የፒያሳው አንባቢ ተናደዋል። ወንድማቸው እጁ ተሰብሮ ሁለት ሰዓት ሲጠብቅ፣ ከኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ገባ። «ዘመድ ስላለው አይደለም?»

ዘመድ ቢኖረውም አይገርመኝም፤ አገሬን አውቃታለሁ። ድንገተኛ ክፍል ግን የዳቦ ሰልፍ አይደለም። መጀመሪያ ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም ታካሚ በሕመሙ ክብደት በሚለይበት ቦታ፣ የልብ ምት፣ አተነፋፈስ፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት ይታያል። ከዚያ በቀለም ይለያል። ቀይ አሁኑኑ ይገባል፤ ቀጥሎ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ፣ አረንጓዴው ይጠብቃል። የወንድምዎ እጅ ያማል፤ አምናለሁ። ጣቶቹ ሞቀውና እየተንቀሳቀሱ ከሆነ ግን ከፊቱ ብዙ ሰው ይቀድመዋል።

አንድ ምስጢር ልንገርዎት። አተነፋፈስ የምቆጥረው የልብ ምት የምለካ መስዬ ነው። የታካሚውን አንጓ ይዤ ዓይኔ ደረቱ ላይ ነው። «ትንፋሽህን ልቁጠር» ካልኩት ወዲያው አተነፋፈሱን ይቀይራል። ያልታመመ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ዝም ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠ ሰው 30 ካለፈብኝ፣ የሚጮኸውን ትቼ እሱን ይዤ እገባለሁ። የሚጮኸው ቢያንስ የሚጮህበት ትንፋሽ አለው። ወንድምዎን የቀደመው ሰው እንዲህ ዓይነቱ ሊሆን ይችላል።

ከአራት ኪሎ የጻፈችልኝ ልጅ እናቷ 61 ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው። ከሁለት ቀን ወዲህ ደረታቸው መሀል ላይ ያቃጥላቸዋል፣ ደረጃ ሲወጡ ይብስባቸዋል፣ ያልባቸዋል። እሳቸው «ጨጓራዬ ነው፣ ጾሙ ነው» እያሉ ተልባ ይጠጣሉ። «ሐኪም ቤት እንውሰዳት ወይስ ጾሙ እስኪፈታ እንጠብቅ?»

እህቴ፣ ይህ ለእኔ የሚጻፍ ጥያቄ አይደለም። የጋዜጣ ዓምድ ስንት ቀን እንደሚቆይ ታውቂያለሽ። ቁጥርሽን ጽፈሽ ስለነበር ቡናዬን ሳልጨርስ ደወልኩ፤ ወስደዋቸዋል። መልሱን እዚህ የምጽፈው ሌላ ቤት ተልባ እየተበጠበጠ እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከእንብርት በላይ የሚያም ነገር ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ልብ ሲታመም ደግሞ ሁልጊዜ ደረት አስይዞ አይጥልም። ማቃጠል፣ መክበድ፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋ ወይም የክንድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ይመጣል። በተለይ ሴቶች፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎችና የስኳር ታማሚዎች ላይ እንዲህ ተደብቆ ይመጣል።

የማውቀው ስለተሳሳትኩ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ውጭው ዝናብ፣ ኮሪደሩ ጭቃ። ትሪያጅ ላይ የምለካው እኔ ነበርኩ። አንዲት እናት በእግራቸው ገቡ። «ልጄ፣ ጨጓራዬ ነው፤ እነሱ ጨቅጭቀውኝ ነው የመጣሁት» አሉኝ። ግፊታቸው ደህና ነበር። ወረቀቱ ላይ «ጨጓራ» ብዬ ጽፌ አስቀመጥኳቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይታ ሲስተር በአጠገባቸው ስታልፍ ቆመች። «የእኚህ እናት ነጠላ ለምን ረጠበ?» አለችኝ። «ዝናብ ነው» ልል ነበር። ግን ሴትዮዋ በላዳ ነው የመጡት፤ የረጠበው ደግሞ አንገታቸው ጋ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ በጃኬት ተኮራምቶ እሳቸው ያልባቸው ነበር።

መጋረጃው ተቀዶ ስለነበር ልጃቸው ነጠላውን ዘርግታ ከለለችልን። የኢሲጂውን አራት ገመድ እጅና እግራቸው ላይ፣ ስድስቱን ደረታቸው ላይ አደረግኩ። ላብ ስለነበር አንዱ አልጣበቅ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠረግኩት። ወረቀቱ ሲወጣ ሐኪሙ ከእጄ ቀማኝ። ልባቸው ነበር።

ተረፉ። ከሳምንት በኋላ ሲወጡ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው፤ አላወቁኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ «ጨጓራ» ብዬ አልጽፍም። «ደረት መሀል ያቃጥላል፣ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ» ብዬ ነው የምጽፈው። የበሽታውን ስም ሐኪሙ ያውጣለት። ኢሲጂ ታካሚው በደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ መነሳት አለበት፤ የመጀመሪያው ደህና ቢሆን እንኳ ሕመሙ ከቀጠለ ይደገማል። አንዴ ተነስቶ «ምንም የለም» ከተባላችሁ በኋላ ሕመሙ ከተመለሰ፣ እናንተም ተመለሱ። አታፍሩ። እናቶች «ሰው አላስቸግርም» ይላሉ። ያስቸግሩን።

ከሜክሲኮ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፦ የተገጨ ሰው ባገኝ ላንሳው ወይስ ጣጣ ነው?

መጀመሪያ ደውል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ እሳትና አደጋ 939። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገህ ያዝ። እጁን ይዘህ አትጎትት። አምቡላንስ አልመጣ ብሎ የግድ ከሆነ ብዙ ሆናችሁ አንሱት፤ ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ መስመር ይሁን። ላዳ የኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ የመጣልን ሰው ስንት ነው! እኛ የምንጠይቅህ የት፣ መቼ፣ እንዴት ብቻ ነው። ሰዓቱን ያዝልን። «ገንዘብ ክፈል ይሉኛል» ብለህም አትሽሽ፤ የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ በሕግ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ነፃ የድንገተኛ ሕክምና ያገኛል። የቀረውን የሕግ ነገር ጠበቃ ጠይቅ።

ከሽሮ ሜዳ፦ የሚጥል በሽታ ለያዘው ሰው ክብሪት ማሽተት ይጠቅማል?

አይጠቅምም። ብዙውን ጊዜ መንፈራገጡ በአንድ ሁለት ደቂቃ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። አፉ ውስጥ ማንኪያም ቁልፍም አታስገቡ። ድንጋዩንና ወንበሩን ከአጠገቡ አርቁ፣ ሲበርድለት በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

አንድ ባል ነርስ ሚስቱ ተረኛ ስትሆን ስልክ አታነሳም፤ ምን ይሻለኛል ይላል።

እራት ሠርተህ ጠብቃት።

ከጣልያን ሰፈር፦ ድንገተኛ ክፍል ስንት አስታማሚ ይፈቀዳል?

አንድ። የዕድሩ ዳኛ፣ ሁለቱ አጎቶች፣ ከክፍለ ሀገር የመጡት አክስትና ምሳ ዕቃ የያዘችው ጎረቤት ውጭ ይጠብቁ። ምሳ ዕቃውን ግን እናስገባለን።