ከውጭ በኦንላይን ዕቃ ለምታስመጡ የአዳማ ልጆች፦ ዛሬ ከሰዓት ጠይቁኝ

ጋሽ ትራንዚት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች በውስጥ መስመር «ብሬ ተበላ» ብለው ስለጻፉልኝ ነው ይህን የከፈትኩት። ለማታውቁኝ፣ 11 ዓመት ባንክ ውስጥ የኤልሲ (ሻጩ የተባለውን ሰነድ ሲያቀርብ ባንክ የሚከፍልበት የክፍያ ዋስትና) ሰነድ ሳገላብጥ ኖሬ አሁን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ትራንዚተር፣ ማለትም ዕቃ ከጉምሩክ የማስወጣ ሰው ነኝ። ሰነድ አውቃለሁ። ማሽን አላውቅም፣ ጨርቅ አላውቅም፣ ዶላር ነገ ስንት እንደሚገባም አላውቅም። ከ8 እስከ 10 ሰዓት እዚሁ ነኝ።

ሌላውን ባታነቡ ይህን አንብቡ። ሻጩ መሃል ላይ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ከጻፈላችሁ አትክፈሉ። ደውሉ። አሁን በላከላችሁ ስልክ ሳይሆን መጀመሪያ በያዛችሁት ስልክ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ እንዴት ዋሉ? አሊባባ ላይ «ጎልድ ሰፕላየር» የሚል ምልክት ካለው ይታመናል አይደል?

ጋሽ ትራንዚት፦ አይደለም። ጎልድ ማለት ለመድረኩ የአባልነት ክፍያ ከፍሏል ማለት ነው። «ቬሪፋይድ» የሚለው ትንሽ ይሻላል፣ ሦስተኛ ወገን ድርጅቱን አይቶታል። ግን ያየው ድርጅቱን ነው እንጂ ያንተን ዕቃ አይደለም። የሚጠቅምህ «ትሬድ አሹራንስ» የሚባለው የመድረኩ የገዢ ዋስትና ነው፤ እሱም የሚሠራው ትዕዛዙ እዚያው ተመዝግቦ ክፍያውም በዚያው ሲያልፍ ብቻ ነው። «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብን ዋትስአፕ ላይ እንጨርስ፣ ትንሽ ልቀንስልህ» ካሉህ በኋላ ብትከፍል አቤት የምትልበት ቦታ የለህም።

አዲስ ገቢ፦ ጥሩ ሰፕላየር ይጠቁሙን።

ጋሽ ትራንዚት፦ አልጠቁምም።

ባለ ዳቦ ቤቷ፦ ጋሼ፣ የሊጥ ማቡኪያ ማሽን ላስመጣ ነው። ሻጩ 30 በመቶ ቅድሚያ፣ 70ውን ከመጫኑ በፊት ይላል። ደህና ነው?

ጋሽ ትራንዚት፦ 30 እና 70 የተለመደ ነው፣ እሱ አያስደነግጥሽ። ዋናው 70ው የሚከፈልበት ቀን ነው። «ከመጫኑ በፊት» ካልሽ ማሽኑም ገንዘቡም እሱ እጅ ናቸው። «የቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ቅጂ ስትልክልኝ» በይው። ዋናውን ቢል እሱ ይይዛል፣ ያለዚያ ወረቀት አንቺ ዕቃውን አታወጪም፤ ስለዚህ እሱም አይፈራም። ዕቃው ግን መርከብ ላይ ወጥቷል።

አሁን «ቅጂው ራሱ ቢጭበረበርስ?» ትያለሽ። ይጭበረበራል። ቢሉ ላይ የኮንቴይነር ቁጥር አለ፤ አራት ፊደልና ሰባት አሃዝ። አራተኛዋ ፊደል ለዕቃ ኮንቴይነር «ዩ» ናት። የመጨረሻዋ አሃዝ ደግሞ ዝም ብላ የተጻፈች አይደለችም፣ ከፊተኞቹ አሥሩ ተሰልታ የምትወጣ መቆጣጠሪያ ናት። ፊደሎቹ ዋጋ አላቸው፤ ኤ 10፣ ቢ 12፣ ሲ 13 እያለ ይቀጥላል፣ 11፣ 22 እና 33 ይዘለላሉ። የመጀመሪያውን በ1፣ ሁለተኛውን በ2፣ ሦስተኛውን በ4፣ እንዲህ እያጠፍሽ አሥረኛውን በ512 ታባዢያለሽ። ደምረሽ ለ11 ታካፍያለሽ። ቀሪው የመጨረሻዋ አሃዝ ነው፤ ቀሪው 10 ከሆነ 0 ይጻፋል። ለማስተማሪያ የሚወሰደው ቁጥር ሲ-ኤስ-ኪው-ዩ 305438 ነው። ድምሩ 6185 ይመጣል፣ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 3። ስለዚህ በ3 ማለቅ አለበት። በ7 አልቆ ካየሽው ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል ወይ ወረቀቱ እቤት የተሠራ ነው።

የፍራንኮ ልጅ፦ ጋሼ ይሄ ማትሪክ ነው እንዴ 😂

ጋሽ ትራንዚት፦ ሳቅ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛዬ ያመጣልኝን ቢል በዚህ ስሌት ነው እዚያው ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የጣልኩት። ስሌቱ ትክክል መጣ ማለት ግን ቢሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የሌላ ሰው ኮንቴይነር ቁጥር ገልብጠውም ይጽፋሉ። ቀጥሎ የመርከብ ድርጅቱ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ገብተሽ የቢሉን ቁጥር አስገቢ። ሻጩ በላከልሽ ሊንክ አትግቢ፣ ሊንኩ ራሱ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ኮስሞቲክስ፦ ይህን ሁሉ ከመደመርና ከማካፈል መርካቶ ወርዶ መግዛት አይሻልም?

ሞጆ በር፦ መርካቶ ያለውስ ከየት መጣ? እዚያም በየመሃሉ ያለውን ደላላ ነው የምትከፍይው።

ኮስሞቲክስ፦ ደላላው ቢያንስ ቤቱን አውቀዋለሁ! ቻይናውን የት ሄጄ ነው የማንቀው?

ሞጆ በር፦ እዚያው ሄደሽ። እኔ ጓንጁ ሁለቴ ሄጃለሁ፣ ካንተን ፌር የሚባለው የንግድ ትርኢት ላይ ፋብሪካውን በዓይኔ አይቼ ነው ያዘዝኩት።

ኮስሞቲክስ፦ ትኬቱን አንተ ቁረጥልኛ። የኔ ዕቃ በጠቅላላ 3 ሺህ ዶላር አይሞላም።

ጋሽ ትራንዚት፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በቃ። ካንተን ፌር እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ያለ ነው፣ በፀደይና በመኸር በዓመት ሁለቴ ይካሄዳል። ለ3 ሺህ ዶላር ዕቃ ግን ማንም አይሄድም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ቅመም ነጋዴ፦ በኤልሲ ከከፈልኩ ግን መቶ በመቶ ደህና ነኝ አይደል? ባንክ አለበት እኮ።

ጋሽ ትራንዚት፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የሚባል ደንብ አለ፤ አንቀጽ 5ን ሂድና አንብበው። ባንክ የሚያየው ሰነድ ነው፣ ዕቃ አያይም። ሰነዱ ኤልሲው ላይ ከተጻፈው ጋር ከገጠመ ባንኩ ይከፍላል፣ ካርቶኑ ውስጥ ድንጋይም ይሁን። ሞጆ ላይ ኮንቴይነር ሲከፈት ቆሜ አይቻለሁ፤ ሰነዱ አንድ ነጥብ አልጎደለውም። የፊት ረድፍ ካርቶኖች የታዘዘው ዕቃ ነበራቸው። ከኋላ ያሉት ሲቀደዱ የተፈጨ የፕላስቲክ ፍርፋሪ ፈሰሰ። ባለቤቱ እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለ። ባንኩ ከከፈለ ወር አልፎት ነበር።

ስለዚህ ኤልሲውን ስታስከፍት ከሚጠየቁት ሰነዶች መሃል የምርመራ ሰርተፍኬት አስገባ። ኤስጂኤስ፣ ቢሮ ቬሪታስ፣ ኢንተርቴክ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ሰርተፍኬቱ ከሌለ ሰነዱ ጎደሎ ነው፣ ባንኩ አይከፍልም። መርማሪው ዕቃው ሲታሸግና ሲጫን ይገኝ፣ መጋዘን ውስጥ ናሙና ብቻ አይቶ እንዳይመለስ። ናሙናውን ደግሞ ሁለት አስልክ፤ አንዱን አሽገህ ፈርምበትና ያዝ። ናሙናማ ሁሌም ጥሩ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሻጩ በዌስተርን ዩኒየን በግለሰብ ስም ላክ አለኝ፣ ልላክ?

ጋሽ ትራንዚት፦ አትላክ።

ሰባራ ሚዛን፦ ከባንክ ውጪ በሰው በኩል ብንልክስ? ፍጥነቱ...

ጋሽ ትራንዚት፦ ይህን እዚህ አልመልስም፣ አንተም እዚህ አትጠይቅ። ሲበሉህ የምታሳየው ወረቀት አይኖርህም፣ ይሄን ብቻ ያዝ።

የገንደ ሃራ ወፍጮ፦ ማሽኑ ባለ ሦስት ፌዝ ነው፣ የኔ ቤት ቆጣሪ...

ጋሽ ትራንዚት፦ የኤሌክትሪክ ሰው ጠይቅ።

ድሬ ለአዳማ፦ ይሄ ድርጅት አጭበርባሪ ነው? (የድረ ገጽ ፎቶ ያያይዛል)

ጋሽ ትራንዚት፦ ወንድሜ፣ ከአርማና ከፎቶ ምን ላንብብልህ? የንግድ ፈቃዱን ጠይቀው። የቻይና ድርጅት ከሆነ 18 ፊደልና አሃዝ ያለው አንድ መለያ አለው፤ በዚያ ቁጥር የመንግሥታቸው የድርጅቶች መረጃ ገጽ ላይ ይፈለጋል። ቻይንኛ ነው፣ በስልክህ ተርጉመው። ሦስት ነገር እይ። መቼ ተቋቋመ? የሥራ ዘርፉ ምንድነው? ስሙ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) ላይ ካለውና ገንዘብ ተቀባይ ከሆነው የባንክ ሒሳብ ስም ጋር አንድ ነው? «20 ዓመት ማሽን ስናመርት» ያለህ ሰው ፈቃዱ ባለፈው ዓመት ለልብስ ንግድ የወጣ ከሆነ መልሱን አገኘህ።

ድሬ ለአዳማ፦ ሒሳቡ ግን ሆንግ ኮንግ ነው።

ጋሽ ትራንዚት፦ ብዙ ቻይናዎች እዚያ ሒሳብ አላቸው፣ ያ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስሙን እይ አልኩህ እኮ።

የቦኩ ልጅ፦ ጋሼ ጎልድ ሰፕላየር የሚለውስ...

ጋሽ ትራንዚት፦ ከላይ ተመልሷል። ወደ ላይ ሂድ። እባካችሁ አንብቡ፣ ጣቴ ተላጠ።

ቅመም ነጋዴ፦ ስለ ሒሳብ መቀየሩ ግን፣ እውነት የሚቀይሩበት ጊዜ የለም?

ጋሽ ትራንዚት፦ አለ። ለዚህ ነው ደውሉ የምለው። ከአዳማ የሆነ ደንበኛዬ ከአንድ ፋብሪካ ጋር አራት ወር በኢሜይል ተጻጽፏል፣ ፋብሪካው እውነተኛ ነው። 30ውን ከፈለ፣ ማሽኑ ተሠራ፣ ፎቶ መጣ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት «ሒሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ ቀሪውን በዚህኛው ላኩ» የሚል መጣ። አርማው ያው፣ ፊርማው ያው፣ የቀድሞው ንግግርም ከሥር ተያይዟል። ልዩነቱ አድራሻው ላይ ነበር፤ የድርጅቱ ስም መሃል ያለችውን «ኤም» በ«አር» እና «ኤን» ተክተዋታል። ስልክ ላይ ሁለቱ ተጠጋግተው ሲታዩ አንድ ናቸው። ከሁለት አንዳቸውን ኢሜይል ሰብረው ገብተው ወራት ሲያነብቡ ነበር። ከፈለ። ሰኞ እኔ ጋ ሲመጣ ገንዘቡ ከዚያኛው ባንክ ወጥቷል።

እንዲህ ከሆነባችሁ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት ባንካችሁ ሩጡና ክፍያው ተመላሽ እንዲጠየቅ በጽሑፍ አመልክቱ። ከሻጩ ጋር እየተጨቃጨቃችሁ ሁለት ቀን አታሳልፉ።

ሞጆ በር፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ኮስሞቲክስ፦ አንተማ ጓንጁ ሄደህ ጠርጥረሃል።

ባለ ዳቦ ቤቷ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ አንዴ። ይሄን እያነበብኩ ኢሜይሌን ከፈትኩት። ያ የማቡኪያው ሻጭ ጠዋት ጽፎልኛል፣ 30ውን በአዲስ ሒሳብ አስገቢ ይላል። ስሙ ትንሽ ይለያል።

ጋሽ ትራንዚት፦ በያዝሽው የድሮ ስልክ ደውይ።

ባለ ዳቦ ቤቷ፦ ደወልኩ፣ አይነሳም።

ጋሽ ትራንዚት፦ አሁን 9 ሰዓት ከ20 ነው፣ እነሱ በ5 ሰዓት ይቀድሙናል። ማታ 2 ሰዓት ከ20 ሆኖባቸዋል፣ ቢሮ ተዘግቷል። ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደውይ፣ እነሱ ጋ ረፋዱ 4 ይሆናል።

ባለ ዳቦ ቤቷ፦ ግን ዛሬ ካላስገባሽ ዋጋው ይጨምራል ብሏል። ባንኩ ደግሞ 10 ሰዓት ይዘጋል።

ጋሽ ትራንዚት፦ ይዘጋ።