ጥያቄና መልስ፦ አስማቱ ምን ያስከፍላል?

ስለ ፋንታሲ ልቦለድ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ስላለበት ልቦለድ) አጻጻፍ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ ከየት ነው የሚመጣልሽ? ሌሎች ፋንታሲዎችን በማንበብ ነው?

መልስ፦ እነሱንማ እወዳቸዋለሁ፤ ሐሳብ የሚሰጡኝ ግን የታሪክና የጂኦግራፊ መጻሕፍት ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1815 ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የወጣው ጋዝ የፀሐይን ብርሃን ጋረደ። በተከታዩ ዓመት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ሙቀት መሆን በነበረበት ወቅት ብርድ ሆነ። አንዳንድ ቦታ ሰኔ ላይ በረዶ ጣለ፤ ሰብል ጠፋ፤ ሰው ተራበ። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሜሪ ሼሊም በዚያው ሰሞን ስዊዘርላንድ ውስጥ ጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ዝናቡ ቤት ዘግቶባት ነው «ፍራንከንስታይን» የተባለውን ዝነኛ ልቦለዷን የጀመረችው።

እኔን የያዘኝ ግን ገበሬው ነው። ማሳው ላይ ቆሞ የደበዘዘችውን ፀሐይ ያያል። ከዓለም ማዶ ተራራ እንደፈነዳ የሚነግረው የለም። ታዲያ ምክንያቱ ምን ይመስለዋል? በማን ያሳብባል? የመጀመሪያ ልቦለዴ የተነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ እሳተ ገሞራ የለም። ፀሐይ የደበዘዘችባት መንደርና ጥፋቱ ሁሉ የተላከከባት አንዲት ሴት አሉ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ካርታ ልሳል ወይስ ገጸ ባሕርዩን ልፍጠር?

መልስ፦ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪን ከካርታ ጀምሮ ታሪኩን በካርታው ልክ እንደሠራ ጽፏል። አሜሪካዊቷ የፋንታሲ ደራሲ ኧርሱላ ለግዊንም የልቦለዷን ደሴቶች በካርታ ስላ ነው የጀመረችው። እኔ ከሰው ነው የምጀምረው። ሆኖም ሰውየው መንገድ የጀመረ ዕለት ካርታው የግድ ይመጣል።

ካርታ ስትስሉ ተፈጥሮን አትቃወሟት። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ እርጥበት ይዞ ተራራ ላይ ሲወጣ ዝናቡን እዚያው ያራግፋል። ከተራራው ጀርባ ያለው አገር ደረቅ ይሆናል። ይቺን አንድ ነገር ብቻ ብታከብሩ የትኛው ሕዝብ አራሽ፣ የትኛው ዘላን እንደሆነ፣ ድርቅ ሲመጣ ማን በማን ላይ እንደሚዘምት ካርታው ራሱ ይነግራችኋል። ርቀትም እንደዚሁ። በእግር የሚጓዝ ሰው ጓዙን ተሸክሞ በቀን 25 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጎበዝ ነው። ፈረስም ቀኑን ሙሉ አይጋልብም፤ ይደክማል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። መልእክተኛው በሁለት ቀን ይደርሳል ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ለኩት። ከዘገየ ደግሞ እሰየው፤ ያ መዘግየት ራሱ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ አስማቱን እንዴት ነው የምትሠሪው? የኔ ጠንቋይ ሁሉን ስለሚችል ታሪኩ ቶሎ ያልቅብኛል።

መልስ፦ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ይህን ነው፤ እኔም ማውራት የምወደው ስለዚህ ነው። ጠንቋዩ ምን ይችላል የሚለውን ለጊዜው ተዉት። ሲያደርገው ምን ያጣል? ከዚህ ጀምሩ።

አሁን በእጄ ካለው ረቂቅ ላሳያችሁ። ኢራ ጀልባ ቀዛፊ ናት፤ ነፋስ መጥራት ትችላለች። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦

«ኢራ እጇን አነሳች። ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ ተፈተለከች።»

ያምራል። አንባቢ ግን ምንም አይሰማውም። ነፋስ በነጻ የሚመጣ ከሆነ ኢራ ለምን ትቀዝፋለች? እንደሷ ያሉ ሰዎች ካሉ የሸራ ጀልባ ለምን ቆሞ ነፋስ ይጠብቃል? ስለዚህ ዋጋ አወጣሁለት። ነፋስ የጠራ ሰው፣ በጠራ ቁጥር የአንድ ሰው ትዝታ ይጠፋበታል። የማን እንደሚጠፋ አይመርጥም። ከዚያ ቦታው እንዲህ ሆነ፦

«ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ ተፈተለከች። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ 'እማ' አለ። ኢራ ዞር ብላ አየችው። ደስ የሚል ልጅ ነው። የማን ይሆን?»

አስማቱ ያው ነው፤ ነፋሱም አልተጨመረበትም። አሁን ግን ኢራ እጇን ባነሳች ቁጥር አንባቢ ይጨነቃል።

ዋጋው ደግሞ እዚያው ጀልባዋ ላይ አይቀርም፤ አገሩን ሁሉ ይለውጣል። በዚያ ወደብ ነፋስ ጠሪዎች የቤተሰባቸውን ስም ክንዳቸው ላይ ይነቀሳሉ። ሀብታም ነጋዴ ራሱ አይጠራም፤ ድሃ ቀጥሮ ያስጠራል። ማንንም የማያስታውሱ ሽማግሌዎች የሚጦሩበት ቤት አለ፤ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚል ጠብ አለ። ይህን ሁሉ አስቤ አልደረስኩበትም፤ «ማን ይከፍላል?» እያልኩ ስጠይቅ ተከትሎ የመጣ ነው። ያንተ ጠንቋይም ሁሉን ይቻል፤ ግድ የለም። ዋጋው ከሚወደው ነገር ላይ ይቆረጥ። ያኔ ታሪኩ ቶሎ አያልቅብህም።

ጥያቄ፦ የራሴን ቋንቋ መፍጠር አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ቶልኪን ኦክስፎርድ ውስጥ የቋንቋ ፕሮፌሰር ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ቋንቋ መፍጠር ይወድ ነበር። በመጽሐፎቹ ውስጥ ኤልፎች የሚባሉ ምናባዊ ፍጡራን አሉ፤ አንደኛውን የኤልፎች ቋንቋ በፊንላንድኛ፣ ሌላውን በዌልሽ (በዌልስ ሕዝብ ቋንቋ) ተስቦ ነው የሠራው። ለእሱ ታሪኩ የመጣው ለቋንቋዎቹ መኖሪያ ሆኖ ነው። እርስዎ ያ ፍቅር ከሌለዎት የአንድ አገር ሰዎች ስም ድምፁ ተቀራራቢ ይሁን፤ ይበቃል። ስሞቹን ጮክ ብለው ያንብቧቸው። ምላስ ላይ የሚደናቀፈውን ይለውጡት።

ጥያቄ፦ ከጥንት አፈ ታሪኮች መውሰድ ስርቆት አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም፤ የምትወስዱት ነገር ግን ይለያያል። ዘንዶውንና ሰይፉን ብቻ ከወሰዳችሁ የታወቀ ዕቃ ነው ያገኛችሁት። እኔ ጥያቄውን መውሰድ ነው የምወደው። የጥንቱን የሜሶፖታሚያ ንጉሥ የጊልጋመሽን ታሪክ ተመልከቱ። በነነዌ ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ጽላት ላይ የተገኘ፣ እጅግ ጥንታዊ ታሪክ ነው። ንጉሡ ወዳጁ ሲሞትበት ሞትን ፈርቶ ዘላለማዊነት ፍለጋ ይወጣል። ወጣትነትን የምትመልሰውን ተክል ካገኘ በኋላ ውሃ ሲታጠብ እባብ ይበላበታል። እባቡን ብትተዉት፣ ንጉሡንም ብትተዉት፣ «የምወደው ሰው ሞቶ እኔ እንዴት ልኑር?» የሚለው ለማንኛውም ዘመን ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። ዛሬም በሕይወት ያለ ሕዝብ የሚያመልክበትን፣ የሚጸልይበትን ነገር ለጌጥ ብላችሁ አትንኩ። መንካት ካለባችሁ በቅድሚያ አጥኑ፤ የእምነቱን ባለቤቶችም አድምጡ።

ጥያቄ፦ የውጊያ ትዕይንት ላይ ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ አሳጥሩት። በአንድ እጅ የሚያዝ ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ነው፤ ሰው እንደሚያስበው ከባድ አይደለም። ከባዱ ድካሙና ፍርሃቱ ነው። ስለ ትንፋሹ፣ ስለሚያንሸራትተው መሬት ጻፉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ፋንታሲ ከእውነታ መሸሽ ነው ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1939 ስኮትላንድ ውስጥ ባደረገው ንግግር ለዚህ መልስ ሰጥቷል። የታሰረ ሰው ቤቱን ቢናፍቅ፣ ስለ ውጭው ዓለም ቢያወራ ማን ይወቅሰዋል? ከጦር ሜዳ የሚከዳ ወታደርና ከእስር የሚያመልጥ ሰው አንድ አይደሉም ነበር ያለው። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ የምጨምረውም አለኝ። ኢራ ልጇን ረስታ ሲያይ ወንድምሽ ካዘነ፣ ያዘነው ነፋስ ስለሚጠሩ ሰዎች አይደለም። ሥራ ከቤተሰቡ የነጠቀውን ሰው ያውቃል። እስኪ አንድ ምዕራፍ አስነብቢው።

ጥያቄ፦ በዕቅድ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ነው የምትጽፊው?

መልስ፦ መጨረሻውን አውቃለሁ፤ መሐሉን አላውቅም። ለኔ የሚሠራው ይህ ነው። ሙሉ ትልም ካላወጡ የማይጀምሩ ግሩም ደራሲዎች አሉ።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ስለ ዓለሜ ነገሥታትና ጦርነቶች ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ፤ ልቦለዱን ግን መጀመር አቃተኝ።

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ደብተሮቹን እንዳትጥያቸው። ለዛሬ ግን ዝጊያቸው። ከነዚያ ጦርነቶች አንዱን ምረጪና ስሙ ደብተርሽ ውስጥ የሌለ ሰው ፈልጊ። ለሠራዊቱ እንጀራ የሚጋግር፣ የፈረስ ጫማ የሚመታ፣ ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ይሁን። በዚያ ቀን አንድ ነገር በጣም ይፈልጋል፤ ጦርነቱ ደግሞ ይከለክለዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ያለውን ብቻ ጻፊ። ንጉሡ ማን እንደሆነ፣ ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ አታስረጂ፤ ሰውየው የማያውቀውን አንቺም ለጊዜው አትንገሪን። አሥር ገጽ ሲሞላ ለአንድ የምታምኚው ሰው አንብቢለትና የት ላይ «ከዚያስ?» እንዳለ ምልክት አድርጊ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከምልክቱ ጀምሪ።