ከክሪስታል ዕድገት ጥናት እንጀራ ይወጣል?

ውድ ጠያቂያችን፣

ባሕር ዳር ፖሊ ግቢ የሜካኒካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆኑ፣ የመመረቂያ ጥናትዎንም የመሬት ስበትና የፈሳሽ ፍሰት በክሪስታል ዕድገት ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ ለመሥራት እንዳሰቡ፣ ነገር ግን ጓደኞችዎ «የጠፈር ሰዎች ሥራ ነው፤ እዚህ እንጀራ አይወጣውም» ስላሉዎት ሁለት ልብ እንደሆኑ ጽፈውልናል። እኔ ሐሳብዎን እንዳይተዉት እመክራለሁ።

ስበት የሚያስቸግረው በመጀመሪያ እዚሁ ምድር ላይ ነው። ቅይጥ ብረት ሲረጋ በክሪስታሎቹ መካከል የሚቀረው ፈሳሽ ይዘቱ ይለወጣል፤ ከላዩ ካለው ፈሳሽ ከቀለለ ሽቅብ ይወጣል፣ ከከበደም ይዘቅጣል። በአንዳንድ የተርባይን (በጋዝ ግፊት የሚሽከረከር ሞተር) ምላጮች ላይ የሚታየው ጠቃጠቆ መሰል ጉድለት የሚመጣው ከዚህ ፍሰት ነው። በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚቀልጠው ሲሊከን ክሪስታል ተጎትቶ ሲወጣም፣ የቅላጩ ዝውውር ከኳርትዝ ማቅለጫው የሚሟማውን ኦክስጅን ወደ ክሪስታሉ ያደርሳል፤ አንዳንድ አምራቾች ፍሰቱን በማግኔት የሚገቱትም ለዚህ ነው። በምህዋር ላይ፣ ማለትም ምድርን በሚዞሩ መንኮራኩሮች ውስጥ፣ የሚደረጉት ሙከራዎች በስበት የሚነሳውን ፍሰት አሳንሰው የቀሩትን መንስኤዎች ለይተው ለማየት ያገለግላሉ።

ለጥናትዎ ውድ ምድጃ አያስፈልግዎትም። አሞኒየም ክሎራይድ የተባለው ነጭ ጨው በ25 ዲግሪ፣ ማለትም በተለመደው የባሕር ዳር የቀን ሙቀት፣ በ100 ግራም ውሃ ውስጥ 39 ግራም ያህል ይሟማል። ይህን ሙሌት (ከዚህ በላይ ጨው የማያሟማ ውህድ) በብርጭቆ ዕቃ አድርገው ከሥሩ በበረዶና በጨው ድብልቅ ያቀዝቅዙት። ከሥር የሚቀዘቅዝ ፈሳሽ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ከብዶ ከታች ስለሚቀር፣ በሙቀት ረገድ ጸጥ ማለት ይገባው ነበር፤ ሆኖም ባለቅርንጫፍ ነጫጭ ክሪስታሎች አሞኒየም ክሎራይዱን ሲወስዱ የሚተርፈው ፈሳሽ ይቀልና በመካከላቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ከፍቶ እንደ ጢስ ሽቅብ ይወጣል። በብረት ውስጥ ተሰውሮ የሚያልፈውን ነገር በዓይንዎ ያዩታል ማለት ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። በተለያየ ከፍታ ቴርሞካፕል (ባለሽቦ የሙቀት መለኪያ) አስገብተው ይለኩ፣ ቪዲዮም ይቅረጹ።

ሥራን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ በርዎ ካስቲንግ፣ ማለትም ቀልጦ የተዘጋጀ ብረትን በቅርጽ ማፍሰስ፣ ነው። መለዋወጫ በሚያፈሱ ወርክሾፖች ዘንድ የልምምድ ቦታ ይጠይቁ፤ የተበላሸ ምርት ሲያዩ ፈሳሹ ከየት ገብቶ በየት በኩል እንደረጋ ይመርምሩ። ሂት ትራንስፈርንና (የሙቀት ዝውውር ትምህርት) ፍሉድ ሜካኒክስን (የፈሳሽ ፍሰት ትምህርት) ያጠናክሩ፣ የቁጥር ስሌት ፕሮግራምም ይልመዱ፤ እነዚህ ርዕስዎን ቢቀይሩ እንኳ አይባክኑም። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱም ራስዎ የለኩት ውጤት ከረጅም የፍላጎት መግለጫ ይልቅ ይናገርልዎታል።

ወደ አማካሪዎ ከመሄድዎ በፊት ርዕስዎን «የማቀዝቀዣው ሙቀት በአሞኒየም ክሎራይድ ሙሌት ውስጥ በሚከፈቱ መተላለፊያዎች ብዛት ላይ ያለው ተጽዕኖ» እስከሚል ድረስ ያጥብቡት።