የድሮ ሲዲዎቻችንን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ፦ ጥያቄና መልስ

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ሲዲዎቼን ልገለብጥ ነው። የቱ ፎርማት ይሻላል?

መልስ፦ ለማስቀመጥ ፍላክ (FLAC) የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት። ለስልክህ ከፍላኩ ላይ ኤምፒስሪ (MP3) ታወጣለህ። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙና (የድምፅ ልኬት)፣ እያንዳንዱ ባለ 16 ቢት ነው። ፍላክ ከዚያ ምንም ሳይጥል ፋይሉን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ኤምፒስሪ ግን ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ይጥላል፤ የጣለውን አይመልስም። ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ አትቀይሩ፤ ፋይሉ ያብጣል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ በምን ሶፍትዌር? ዊንዶውስ ነው ያለኝ።

መልስ፦ ኢግዛክት ኦዲዮ ኮፒ። ነፃ ነው። «ሴኪዩር» የሚለውን የንባብ ዘዴ ምረጪ። የተጫረ ቦታ ሲያገኝ ደጋግሞ ያነባል፤ ንባቦቹ ካልተስማሙ ይነግርሻል። አኪውሬትሪፕ የሚባለው የኢንተርኔት መዝገብ ደግሞ ውጤትሽን ሌሎች ከዚያው ሲዲ ካገኙት ጋር ያመሳክራል። የእኛ አገር ሲዲ መዝገቡ ላይ ላይኖር ይችላል። «አልተገኘም» ቢልሽ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ሁለቴ አስነብቢና የሲአርሲ ቁጥሮቹ (ከተነበበው ድምፅ የሚሰሉ መለያዎች) አንድ መሆናቸውን እዪ። ሎጉንም፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጽፈውን የንባብ ዘገባ፣ አስቀምጪ።

ከሐዋሳ፦ ለማክ ኮምፒውተርስ?

መልስ፦ ኤክስኤልዲ (XLD) የሚባለው ፕሮግራም።

ከድሬዳዋ፦ ከገበያ የገዛሁትን ሲዲ በፍላክ ገለበጥኩት፤ ድምፁ ግን የታፈነ ነው።

መልስ፦ ሲዲው ራሱ ከኤምፒስሪ የተባዛ ሊሆን ይችላል። ፋይሉን ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈተው፤ ድምፁን ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በሥዕል ያሳይሃል። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በቢላ እንደተቆረጠ ጥቁር ከሆነ ምንጩ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ብቻ የያዘ ኤምፒስሪ ነው ብለህ ጠርጥር። ከካሴት የተቀዳ ግን ወደ ላይ ቀስ እያለ ነው የሚደበዝዘው። ስለዚህ እደግመዋለሁ፣ ኤምፒስሪን ወደ ፍላክ አትቀይሩ። ነገ ሌላ ሰው ዋናው መስሎት ያስቀምጠዋል።

ከፍራንክፈርት፦ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪን ከፍላክ የሚለይ ጆሮ የለም። ለምን ቦታ እናባክናለን?

ከአዳማ፦ እኔ እለያለሁ። ማሲንቆው ላይ ይታወቀኛል።

ከፍራንክፈርት፦ የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ስማውና ንገረኝ።

ከሐዋሳ፦ ሸክላ ከሁለቱም ይበልጣል።

መልስ፦ አብዛኛው ሰው አይለይም፤ እውነት ነው። ፍላክ የምንይዘው ግን ነገ ሌላ ፎርማት ቢመጣ ከዋናው ለማውጣት ነው። የሸክላውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዉት።

ከጅዳ፦ የዘፈኖቹ ስም የተዘበራረቀ ነው የሚመጣው።

መልስ፦ ይሄን የጠየቅክልኝ ጥሩ አደረግክ። ሶፍትዌሩ ስሙን የሚያመጣው ሰዎች ከሞሉት መዝገብ ነው። የጥላሁን ገሠሠ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ይጻፋል፤ ማጫወቻው ደግሞ እያንዳንዱን ሌላ ዘፋኝ ያደርገዋል። በግዕዝ ፊደል ጻፉት! ፍላክ ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚያስተናግድ አሠራር) ስለሚይዝ ችግር የለውም። ኤምፒስሪም በአዲሱ የአይዲስሪ ታግ (ፋይሉ ውስጥ የዘፈኑና የዘፋኙ ስም የሚጻፍበት ክፍል) ይይዛል፤ 30 ፊደል ብቻ የሚቀበለው የድሮው ነው የማይችለው። ኤምፒስሪታግ በሚባለው ፕሮግራም ማስተካከል ትችላለህ። «ገሠሠ» ወይም «ገሰሰ»፣ አንዱን ያዝና አትለዋውጥ። የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ አቀናባሪውንም ከሽፋኑ ላይ ቅዳ። ያ ወረቀት ከጠፋ ማን እንደደረሰው የሚነግርህ የለም።

ከመቀሌ፦ ሲዲዬ አይሠራም፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «አይሠራም» ሲባል? አይነበብም? ይዘላል? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም።

ከመቀሌ፦ ይቅርታ፣ ይዘላል።

መልስ፦ በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ጥረገው፤ ዙሪያውን አትሽው። እምቢ ካለ በሌላ ድራይቭ ሞክር።

ከአዲስ አበባ፦ ታዲያ የቱ ፎርማት ነው ምርጥ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ እኮ ይሄው ነበር። ከላይ አንብብ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ገልብጬ ስጨርስ ሲዲዎቹን ልጣላቸው?

መልስ፦ አትጣያቸው። ፍላኮቹንም ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጊ፤ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጥ።